በቤት ግቢ ለሚከፈት የእንጨት ሥራ ማሽን መምረጥና መትከል

በግቢው ጓሮ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ለመክፈት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው «የትኛውን ማሽን ልግዛ?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ደብረ ማርቆስ ከቤቴ ጀርባ ባለችው ክፍል ስሠራ የተረዳሁት ግን ጥያቄው በሌላ ቅደም ተከተል መነሣት እንዳለበት ነው፤ አስቀድሞ የምሠራው እንጨት ምን ዓይነት ነው፣ ቀጥሎ እስከ ቤቴ የተዘረጋው መስመር ምን ያህል ኃይል ይሸከማል፣ ማሽኑ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ያልጠበቀ ሰው ጥሩ ማሽን ገዝቶም ቢሆን ሥራው ሲሰናከልበት ማየት የተለመደ ነው።

ደረጃ 1፦ የሚሠሩትን እንጨት ይወቁ

በጎጃም ለአናጺ በብዛት የሚቀርበው እንጨት ባሕር ዛፍ፣ ዋንዛ፣ ግራቪሊያና ጽድ ነው። አብዛኛው ከገበሬ ማሳ ተቆርጦ በሁለት ሰው መጋዝ ወይም በሰንሰለት መጋዝ የተሰነጠቀ በመሆኑ፣ የአንድ ጣውላ አንደኛው ጫፍ 3 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላኛው ጫፍ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው የሚያስገርም አይደለም። እንዲህ ያለ ጣውላ ጠረጴዛ ላይ የሚያርፍ ጠፍጣፋ ገጽም ሆነ መምሪያውን (እንጨቱ ተደግፎ የሚገፋበትን የማሽኑን ቀጥ ያለ ጎን) ተጠግቶ የሚሄድ ቀጥ ያለ ጠርዝ ስለሌለው፣ እንዳለ ወደ ክብ መጋዝ ቢገፋ በመካከል ይወላገድና መጋዙን ይነክሳል። ስለዚህ በአካባቢው እንጨት በር፣ አልጋ ወይም ጠረጴዛ ለመሥራት ላሰበ ሰው የመጀመሪያው ማሽን መላጊያ፣ ይኸውም በተለምዶ ፒያላ የሚባለው እንዲሆን እመክራለሁ። ቁም ሳጥንና የወጥ ቤት መደርደሪያ ከኤምዲኤፍ ወይም ከቺፑድ (ከተፈጨ እንጨት በማጣበቂያ ከተሠራ ሰሌዳ) ብቻ ለሚሠራ ሰው ግን መላጊያ አይጠቅመውም፤ እርሱ ገንዘቡን ሁሉ ደህና ክብ መጋዝ ላይ ቢያውል ይሻለዋል።

ባሕር ዛፍ ለብቻው ሊነገርለት የሚገባ እንጨት ነው። ግንዱ ሲያድግ በውስጡ የሚያጠራቅመው ውጥረት ሲሰነጠቅ ስለሚለቀቅ፣ ሁለቱ ክፍሎች መጋዙ ካለፈ በኋላ ወይ ይከፈታሉ፣ ወይ ተመልሰው በመጋዙ ላይ ይዘጋሉ። የተዘጋው እንጨት ከኋላ በኩል ወደ ላይ በሚሽከረከሩት ጥርሶች ይያዝና በታላቅ ኃይል ወደ ሠራተኛው ሆድ ይወረወራል። ከዚህ የሚጠብቀው ከመጋዙ ኋላ የሚቆመውና የተሰነጠቀው ቦታ እንዳይዘጋ የሚያደርገው የብረት ምላስ ነው። ይህ ምላስ የሌለውን ክብ መጋዝ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ፣ አይግዙ።

ዋንዛ ለመላጊያም ለመጋዝም የሚመች ገር እንጨት ነው። ሀገር በቀልና ጥበቃ የሚደረግለት ዛፍ በመሆኑ ግን የሚገዙት ጣውላ በፈቃድ የተቆረጠ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል።

ደረጃ 2፦ የቤትዎን መስመር ይመዝኑ

ወደ መኖሪያ ቤት የሚገባው መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ፣ አንድ ፌዝ ነው። ለቤት ሥራ የሚሆን መላጊያ ወይም ክብ መጋዝ ብዙውን ጊዜ 3 የፈረስ ጉልበት፣ ማለትም 2.2 ኪሎ ዋት ገደማ ሞተር አለው። እንዲህ ያለው ሞተር ሙሉ ጭነት ሲሸከም 14 ወይም 15 አምፔር ይስባል፤ ሲነሣ ደግሞ ለአጭር ጊዜ የዚህን አምስት ወይም ስድስት እጥፍ ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን እስከ 3.5 ኪሎ ዋት እንደሚወስድ ካሰብን፣ እንጀራ እየተጋገረ ማሽን ማስነሣት ለቆጣሪውም ለመስመሩም ከአቅም በላይ መሆኑ ግልጽ ነው። በእኔ ቤት የምጣድ ቀንና የማሽን ቀን ተለያይቷል፤ ይህን አስቀድሞ ከቤተሰብ ጋር መነጋገር ከማንኛውም ግዢ ይቀድማል።

ከቆጣሪው እስከ ሥራው ክፍል የሚዘረጋው ሽቦ ውፍረት ብዙ ሰው የሚንቀው ነገር ነው። ርቀቱ 30 ሜትር ቢሆንና 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ቢዘረጋ፣ ሞተሩ ሲነሣ 75 አምፔር ቢስብ በሽቦው ላይ ብቻ ወደ 50 ቮልት ይጠፋል። ለሞተሩ የሚደርሰው 170 ቮልት ያህል ነው ማለት ነው። የሞተር የመነሻ ጉልበት ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚቀንስ፣ ሞተሩ ከሚገባው ጉልበት 60 በመቶ ገደማ ብቻ ይኖረዋል፤ እያጉረመረመ ለመነሣት ሲታገል ይሞቃል፣ ሲደጋገምም ጥቅሉ (በውስጡ የተጠቀለለው ሽቦ) ይቃጠላል። በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ግን የሚጠፋው 20 ቮልት ያህል ነው። በሽቦ ላይ የሚቆጠብ ገንዘብ ኋላ ሞተር ለማስጠቅለል የሚከፈል መሆኑን አይርሱ።

ለማሽኑ ብቻ የሚያገለግል፣ የሞተር አነሣስን የሚታገስ የሲ ዓይነት 20 አምፔር ብሬከር ያስገጥሙ፤ ከእርሱም ጋር በ30 ሚሊ አምፔር የሚያቋርጥ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ መከላከያ ይጨምሩ። የምድር ሽቦው ቢያንስ ከ1.5 ሜትር የማያንስ ዘንግ ሆኖ በበጋም ቢሆን እርጥበት በማይለየው ቦታ፣ ለምሳሌ የልብስ ማጠቢያው ውኃ በሚፈስበት አጠገብ፣ ይቀበር። ይህን ሥራ ለሙያተኛ ይስጡ።

ሶስት ፌዝ ለማስገባት አቅሙም ፍላጎቱም ያለው ሰው በአቅራቢያው ባለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማእከል አስቀድሞ ቢጠይቅ መልካም ነው። የወፍጮ ቤት መስመር በሠፈሩ የሚያልፍ ከሆነ የሚዘረጋው ርቀት ያጥራል። ያው 2.2 ኪሎ ዋት ሞተር በ380 ቮልት ሶስት ፌዝ በያንዳንዱ መስመር የሚስበው 5 አምፔር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ አነሣሱም ለስላሳ ነው።

ከፍታውንም ይቁጠሩ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች፤ ባሕር ዳር እንኳ ወደ 1,800 ሜትር ነው። ሞተሮች በልማድ የሚለኩት እስከ 1,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ማቀዝቀዙ ይቀንሳል። ስለዚህ ሥራዬ 2.5 የፈረስ ጉልበት ይበቃዋል ያለ ሰው እዚህ 3 ይግዛ። በጄኔሬተር ላይ ጉዳቱ ይከፋል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ በደብረ ማርቆስ በታርጋው (ጉልበቱ በተጻፈበት ሰሌዳ) ላይ ካለው ወደ አንድ አራተኛ የሚጠጋውን ይቀንሳሉ። መብራት በጠፋ ጊዜ ለማሽን ብሎ ጄኔሬተር ከመግዛት፣ ያንን ሰዓት ለመሮ፣ ለኮላና ለብርጭቆ ወረቀት ሥራ ማዋልን እመርጣለሁ።

ደረጃ 3፦ ማሽኑን ሲገዙ

የሞተሩን ታርጋ ያንብቡ። ከአሜሪካ የመጣ 60 ኸርዝ ማሽን በትራንስፎርመር 110 ቮልት ቢሰጠውም ኸርዙ አይቀየርም፤ ሞተሩ አንድ ስድስተኛ ያህል ዝግ ብሎ ይዞራል፣ ይሞቃልም። ታርጋው ላይ የተጻፈው ጉልበትም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። «3 የፈረስ ጉልበት» ተብሎ ከጎኑ 6 አምፔር የሚል ካለ፣ 6 አምፔር በ220 ቮልት አባዝተው የሞተሩን ብክነት ሲቀንሱ ከ1 ኪሎ ዋት የማያልፍ ጉልበት ነው የሚያገኙት፤ ይህም ከ1.5 የፈረስ ጉልበት በታች ነው።

መላጊያ፣ ውፍረት ማውጫ (ጣውላውን በአንድ ወጥ ውፍረት የሚላገው)፣ ክብ መጋዝና መብሻ በአንድ አካል ያጣመረው ማሽን ለጠባብ ክፍልና ለውስን ገንዘብ ተመራጭ ይመስላል። ጥቅሙን አልክድም፤ ነገር ግን ከመጋዝ ወደ መላጊያ በተዛወሩ ቁጥር መምሪያውን ነቅሎ መትከል ስለሚያስፈልግ፣ ያስተካከሉት ልክ በየጊዜው ይበላሻል። በእኔ ግምት 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መላጊያና ውፍረት ማውጫ የተጣመረበት አንድ ማሽን ቀድሞ፣ ለብቻው የቆመ ክብ መጋዝ ደግሞ ከሠሩበት ገንዘብ ቢገዛ የተሻለ ነው።

አገልግሎት የሰጠ ማሽን ለመግዛት ከሄዱ ብረት ማስመሪያ፣ ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) እና ባትሪ ይዘው ይሂዱ። ጠረጴዛው ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) መሆኑን ይዩ፤ ከታጠፈ ላሜራ የተሠራ ጠረጴዛ ሲንቀጠቀጥ ይውላል። ማስመሪያውን በርዝመቱም በአግድሙም ሰያፉንም እያቆሙ ከኋላ ባትሪ ያብሩ፤ ቀጭን ወረቀት ከሁለት እጥፍ በላይ የሚያልፍበት ክፍተት ካለ ይተዉት። ቺንጋውን (ሞተሩን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘውን ቀበቶ) አውልቀው ዘንጉን በእጅ ያዙሩ፤ ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት ቤሪንግ) ቢያንቋቋ የሚቀየር ነገር ስለሆነ ዋጋ ማስቀነሻ ነው፤ ዘንጉ ራሱ ከተጣመመ ግን ማሽኑን አይውሰዱት።

የፑሌጃውን (ቺንጋው የሚዞርበትን መንኰራኵር) ልክ መፈተሽም አይለፍዎት። በደቂቃ 2,850 ጊዜ የሚዞር ሞተር ላይ 140 ሚሊ ሜትር ፑሌጃ፣ በመጋዙ ዘንግ ላይ 100 ሚሊ ሜትር ቢኖር መጋዙ ወደ 4,000 ጊዜ ይዞራል። 25 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው መጋዝ በዚህ ፍጥነት ጥርሱ በሰከንድ 52 ሜትር ይጓዛል፤ ይህም ለእንጨት ተስማሚ ነው። የቀድሞው ባለቤት የተቃጠለውን ሞተር በ1,420 ዙር ሞተር ተክቶት ከሆነ ግን በዚሁ ፑሌጃ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል፤ መጋዙ ይቦጫጭራል፣ እንጨቱንም ይገፋል። በተቃራኒው ከመጋዙ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ዙር በላይ ማዞር ጥርስ ያስፈነጥራል።

ደረጃ 4፦ ክፍሉንና ወለሉን ያዘጋጁ

ማሽኑ ከአዲስ አበባ ከመጣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተንገጫግጮ መድረሱን ያስቡ። ሻጩ «ልኩ ተስተካክሏል» ቢልም፣ ቤት ሲደርስ ምንም እንዳልተስተካከለ ይቁጠሩት።

በአፈር ወለል ላይ የቆመ ማሽን ቀስ በቀስ ወደ አንድ ጎን ይሰምጣል። ማሽኑ የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ኮንክሪት ያፍሱ፣ ብሎኖቹን አብረው ይትከሉ፣ ከእግሩ ሥር ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ምንጣፍ ያኑሩ፤ ከዚያም ጠረጴዛውን በውኃ ልክ ያስተካክሉ። ክፍሉ 4 በ6 ሜትር ቢሆን ለሁለት ማሽን ይበቃል። ከመላጊያው ፊትና ኋላ የረጅሙን እንጨት ያህል ክፍተት ያስፈልጋል፤ 4 ሜትር ሞራሌ የሚላግ ከሆነ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስለማይበቃ፣ ማሽኑን በበሩ ትይዩ አቁሞ እንጨቱ በበሩ እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል። በሩ ልጆች ወደሚጫወቱበት ወገን እንዳይከፈት ግን አስቀድመው ያስቡበት።

ደረጃ 5፦ ልኩን ያስተካክሉ

ይህ ከሁሉም ረጅሙና ትዕግሥት የሚጠይቀው ሥራ ነው። ርካሽ ማሽን በደንብ ሲስተካከል ውዱን ሳይስተካከል ከሚሠራው ይበልጣል፤ ስለዚህ ለዚህ ሥራ ሙሉ ቀን ይመድቡ። ከመጀመርዎ በፊት ስፒናውን ይንቀሉ፤ ቁልፉን ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

በመላጊያው ይጀምሩ። ምላጮቹ ከከበሮው (ከታሰሩበት የሚዞር አካል) 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ወጥተው፣ ሁሉም እኩል መቆም አለባቸው። የመውጫው ጠረጴዛ (የተላገው እንጨት የሚያርፍበት) ከምላጩ ከፍተኛ ቦታ ጋር ፍጹም እኩል ይሁን። ይህንን ለመፈተሽ ቀጥ ያለች የእንጨት ማስመሪያ በመውጫው ጠረጴዛ ላይ በከበሮው በኩል አውጥተው ያስቀምጡና ከበሮውን በእጅ ቀስ ብለው ያዙሩት። ምላጩ ማስመሪያዋን ሲነካ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደፊት ከወሰዳት ልክ ነው፤ ጭራሽ ካልነካት ጠረጴዛው ከፍ ብሏል፤ ብዙ ከወሰዳት ዝቅ ብሏል። በግራ፣ በመካከልና በቀኝ፣ ለያንዳንዱ ምላጭ ይህንኑ ይድገሙት። ጠረጴዛው ዝቅ ካለ የጣውላው ጫፍ መጨረሻ ላይ ይቦደሳል፤ ከፍ ካለ ደግሞ እንጨቱ መካከል ላይ እያበጠ ይሄዳል። ብዙ ሰው ይህንን ጉድለት የእንጨቱ ጥፋት ያደርገዋል።

ውፍረት ማውጫውን ለመፈተሽ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች አንዱን በግራ፣ ሌላውን በቀኝ ጠርዝ አስገብተው ካወጡ በኋላ በካሊብሮ (በውፍረት መለኪያ) ይለኩ። ልዩነቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ካለፈ የጠረጴዛው ዘንጎች ይስተካከሉ። ለባሕር ዛፍ በአንድ ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ አይላጉ፤ ዋንዛ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይታገሳል።

ወደ ክብ መጋዙ ሲያልፉ የመጋዙን አንድ ጥርስ በቀለም ምልክት ያድርጉና ወደ ፊት አምጥተው ከጥርሷ እስከ መምሪያው ያለውን ርቀት ይለኩ፤ ከዚያም ያችኑ ጥርስ ወደ ኋላ አዙረው እንደገና ይለኩ። አንዲቱን ጥርስ ብቻ መጠቀም የሚያስፈልገው መጋዙ ራሱ ትንሽ የተጣመመ ቢሆን ልኬቱን እንዳያሳስት ነው። ሁለቱ ልኬቶች እኩል ይሁኑ፤ ከኋላ በኩል 0.1 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ ጉዳት የለውም፤ ቢጠብ ግን መምሪያው እንጨቱን ወደ መጋዙ ይጨምቀዋል። የብረት ምላሱ ከመጋዙ ጋር በአንድ መስመር ይቁም፤ ውፍረቱ ከመጋዙ አካል የሚበልጥ፣ ከጥርሱ ስፋት የሚያንስ መሆን አለበት።

የመጋዙን ቀጥታነት በስኳድራ ካቆሙ በኋላ በእንጨት ይፈትኑት። አንድ ጣውላ በአግድሙ ይቁረጡና ከሁለቱ ክፍሎች አንዱን ገልብጠው የተቆረጡትን ጫፎች ያጋጥሙ፤ ክፍተት ከታየ ትክክለኛው ስሕተት የዚያ ክፍተት ግማሽ ነው።

ለርዝመት ስንጠቃ 24 ጥርስ፣ ለአግድም መቁረጥና ለኤምዲኤፍ 60 ጥርስ ያለው የቪዲያ (ጥርሱ ላይ ጠንካራ ካርባይድ የተገጠመበት) መጋዝ ይግዙ፤ በ60ው ጥርስ ባሕር ዛፍን መሰንጠቅ እንጨቱንም መጋዙንም ያቃጥላል።

ደረጃ 6፦ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ

በጎጃም ለሚሠራ አናጺ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ይህን ማስገደድ ብችል ደስ ባለኝ። ማሽንዎ መብራት ሲጠፋ ራሱን የሚያላቅቅና መብራቱ ቢመለስም አረንጓዴው ቁልፍ ዳግም እስኪጫን የማይነሣ ማስነሻ ሊኖረው ይገባል። በአንድ ክረምት፣ ሞተሩ እየሠራ ሳለ መብራት ጠፋብኝ፤ ተራ ማብሪያውን ሳላጠፋ ከምላጩ ሥር የተወተፈውን ፍቅፋቂ በጣቴ ላወጣ ጎንበስ አልኩ። ከቤት ሰው ስሜን ጠርቶ ቀና ባልኩበት ቅጽበት መብራቱ መጣና ከበሮው ዞረ። በማግሥቱ ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚሠራ ማብሪያ) ያለው ማስነሻ ገዝቼ አስገጠምኩ። ከእጅ ጣት ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም ነው።

የደጋው ጠዋት ብርዳም ቢሆንም በጋቢ ወይም በነጠላ ማሽን አጠገብ አይቁሙ፤ የተንጠለጠለ ማተብ ከሸሚዝ ውስጥ ይግባ፣ ቀለበት ይውለቅ፣ ጓንት በፍጹም አይደረግ። አጭር እንጨት በእጅ አይገፋም፤ መግፊያ ዱላ ሁልጊዜ በቅርብ ይሰቀል።

ሰጋቱራውን በየቀኑ ይጥረጉ። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1995 እ.ኤ.አ. የእንጨት አቧራን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ጋር መድቦታል፤ የግራቪሊያ አቧራ ደግሞ የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ያሳክካል። ተራ ጨርቅ ደቃቁን አቧራ ስለማይይዝ ተገቢ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ይጠቀሙ። የቡና ከሰል ወደ ክፍሉ አይግባ፤ የኤምዲኤፍ ቁርጥራጭም በምድጃ አይነድም፣ በማጣበቂያው ምክንያት ጭሱ ይጎዳልና።

ደረጃ 7፦ ለክረምት

ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ የጊዛ ጠረጴዛ በአንድ ሌሊት ይዝጋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት እንጨቱን ስለሚያቆሽሽና ኋላ ኮላና ቫርኒሽ እንዳይዝ ስለሚያደርግ አይጠቅምም። በጎጃም የማይጠፋው የማር ሰም ግን በጥቂት ተርፔንታይን ተለውሶ በጨርቅ ሲቀባና ሲወለወል ዝገቱን ይከላከላል፣ እንጨቱም ጠረጴዛው ላይ በቀላሉ እንዲንሸራተት ያደርጋል። ተርፔንታይን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ልውሱን ከእሳት ርቀው ይሥሩ። በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል።

ክረምት ሲገባ ቺንጋውን በጣትዎ መካከሉ ላይ ይጫኑት፤ በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል 50 ሳንቲ ሜትር ካለ፣ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ከረገበ ያጥብቁት። በመስከረም መጨረሻ ዝናቡ ሲያባራ የመላጊያውን ጠረጴዛና የመጋዙን መምሪያ ከላይ በተነገረው መንገድ እንደገና ይለኩ፤ ወለሉ ውኃ ጠጥቶ ሲደርቅ ማሽኑን ትንሽ ያንቀሳቅሰዋልና።